ለአንዲት ወፍ ሲባል የሚመነጠር ደን፦ የከርትላንድ ዋርብለር የጉዳይ ጥናት ከሚቺጋን

መሬትን ለወፎች ማመቻቸት ሲባል ብዙዎቻችን በቅድሚያ የሚታየን መከለልና መተው ነው። ዛፉ አይቆረጥ፣ እሳት አይለኮስ፣ ሰው አይግባበት፤ የቀረውን ተፈጥሮ ራሷ ታስተካክለዋለች ብለን እናምናለን። ይህ እምነት በብዙ ቦታ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። በአሜሪካ ሚቺጋን ግዛት ሰሜናዊ ክፍል የምትራባው የከርትላንድ ዋርብለር ግን ደኗ ከእሳት በጥንቃቄ በተጠበቀበት ዘመን ከምድረ ገጽ ልትጠፋ ደርሳ ነበር፤ የተረፈችውም ሰዎች በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር ደን እየመነጠሩ እንደገና ስለተከሉላት ነው። ይህ ጽሑፍ ያ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንደጠየቀና ዛሬም ምን እየጠየቀ እንዳለ በዝርዝር ይመለከታል። የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወፏና የምትፈልገው የዛፍ ዕድሜ

የከርትላንድ ዋርብለር ክብደቷ 14 ግራም ገደማ የሆነ፣ ጀርባዋ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ ደረቷና ሆዷ ቢጫ፣ ጎኗ በጥቁር ሰረዞች የተዥጎረጎረ ትንሽ ወፍ ናት። በተቀመጠችበት ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች ስለምትወዘውዝ የሚያውቋት ሰዎች ከርቀት ይለዩዋታል። ለሳይንስ የታወቀችው በ1851 በኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ አቅራቢያ በተያዘች አንዲት ወፍ ሲሆን ስሟም የኦሃዮው ሐኪምና የተፈጥሮ አጥኚ ጃሬድ ከርትላንድ መታሰቢያ ነው። የምትራባበት ቦታ ግን ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆይቶ የመጀመሪያው ጎጆ የተገኘው በ1903 በሚቺጋን፣ በኦ ሳብል ወንዝ አካባቢ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት የተገኙት ጎጆዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ቦታ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አልራቁም።

አንድ ዝርያ ይህን በመሰለ ጠባብ ክልል ተወስኖ ሲኖር ምክንያቱን መሬቱ ላይ መፈለግ ይገባል። ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው ከዛፍ ላይ ሳይሆን ከዛፍ ሥር፣ አፈሩ ላይ ነው። ዛፉም የትኛውም ዛፍ አይደለም፤ ጃክ ፓይን የሚባለው፣ ደረቅና ለም ያልሆነ አሸዋ ላይ የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሆነ ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ አምስት ሜትር ባለው ጊዜ የታችኞቹ ቅርንጫፎቹ ገና አረንጓዴ ሆነው እስከ መሬት ይወርዳሉ። ከእነሱ ሥር ሣርና የብሉቤሪ ቁጥቋጦ ተጠላልፎ ይበቅላል። ጎጆው በዚህ ጥልፍልፍ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ አንድ ሰው ከጎኑ ቆሞ እንኳ ላያየው ይችላል። ከሥሩ ያለው ግሬይሊንግ የሚባለው አሸዋ ደግሞ ውኃ አይቋጥርም፤ ዶፍ ቢወርድ ወዲያው ይሰርጋል፣ መሬት ላይ ያሉት እንቁላሎችና ጫጩቶች በጎርፍ አይያዙም።

ዛፎቹ ከዚህ በላይ ሲያድጉ ሁሉም ነገር ይለወጣል። አናታቸው ይገጥማል፣ ፀሐይ ወደ ታች መድረስ ያቆማል፣ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ደርቀው ይረግፋሉ፣ ሣሩም ይሳሳል። ደኑ ከሩቅ ለሚያየው ሰው ያማረና የበሰለ ደን ይመስላል፤ ለዚህች ወፍ ግን ጎጆ የሚሸሽግ አንድም ጥግ የሌለበት ባዶ ቤት ሆኗል። ወፏ ወደ አንድ ደን የምትገባው ዛፎቹ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ ሃያ ዓመት ግድም ሲሆናቸው ትታው ትሄዳለች። ለእሷ መኖሪያ ማለት ከቦታ ስም ይልቅ የዕድሜ ስም ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። (ነገሩ ለትንሽ ግቢም ይሠራል። ግቢውን ለማሳመር ብሎ የእያንዳንዱን ቁጥቋጦ የታችኛውን ቅርንጫፍ ሙልጭ አድርጎ የሚከረክም ሰው፣ ዛፎቹን ሳይነካ ከመሬት አጠገብ የሚያድሩትንና የሚፈለፍሉትን ወፎች ሁሉ አስወጥቷቸዋል።)

በጥንት ጊዜ ወጣት ደን ሳይቋረጥ እንዲገኝ የሚያደርገው እሳት ነበር። የጃክ ፓይን ፍሬ በሙጫ ታሽጎ ለዓመታት ከቅርንጫፉ ጋር ተጣብቆ ሊቆይ ይችላል። እሳት ሲደርስበት ሙጫው ይቀልጣል፣ ፍሬው ይከፈታል፣ ዘሩም ገና ሣር ያልቀደመው አመድ ላይ ይወድቃል። አሮጌው ደን በተቃጠለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚያው ቦታ በሺህ የሚቆጠሩ እኩያ ዛፎች እንደ ማሳ ተጠጋግተው ይነሣሉ። ወፏም ከአንዱ የተቃጠለ ቦታ ወደ ሌላው እየተዘዋወረች ትኖር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰደድ እሳትን የመከላከል ሥራ ሲደራጅና ሲሰምር፣ ሰውንና ንብረትን ያዳነው ያው ጥረት የወፏን መኖሪያ ዓመት በዓመት እያስረጀባት ሄደ።

ቆጠራው ያወጣው እውነት

በ1951 የወፍ ተመራማሪው ሃሮልድ ሜይፊልድ ያስተባበረው ቆጠራ ተካሄደ። ሴቷ ዝምተኛና ስውር ስለሆነች የሚቆጠሩት የሚዘምሩት ወንዶች ናቸው፤ ዜማቸው ብርቱ በመሆኑ ጸጥ ባለ ማለዳ እስከ 400 ሜትር ይሰማል። ውጤቱ 432 ወንዶች ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ቁጥሩ ወደ 502 ከፍ አለ። በእነዚህ ዓመታት የሚቺጋን ግዛት በ1957፣ የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ደግሞ በ1962 ለወፏ የሚሆን መሬት ለይተው አስቀምጠው ስለነበር ተስፋው ትልቅ ነበር።

በ1971 ግን ቆጣሪዎቹ የሰሙት 201 ወንዶችን ብቻ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። በ1974 ወደ 167 ወረደ። የተከለለ መሬት እያለ ቁጥሩ ይህን ያህል መውደቁ፣ ጉዳዩን ለሚከታተሉ ሁሉ ከባድ ጥያቄ አስከተለ።

መልሱ ሁለት ነው። አንዱ አስቀድሞ የተባለው የደኑ ማርጀት ሲሆን ሌላው ካውበርድ የሚባል ወፍ ነው። ካውበርድ ጎጆ አይሠራም፤ እንቁላሉን በሌላ ወፍ ጎጆ ጥሎ ይሄዳል። የቀድሞ አገሩ የጎሽ መንጋ ይሰማራበት የነበረው በሰሜን አሜሪካ መሀል ያለው የሣር ሜዳ ነበር። ሰፋሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚቺጋንን ደን ጨፍጭፈው እርሻና ግጦሽ ሲያስፋፉ እሱም ተከትሏቸው ገባ። የከርትላንድ ዋርብለር ከዚህ እንግዳ ጋር ኖራ ስለማታውቅ ባዕዱን እንቁላል ከራሷ ለይታ አትጥልም። የካውበርድ እንቁላል ከእሷ እንቁላሎች አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱ በአካልም ይበልጣል፣ አፉን ከፍቶ ምግቡን ይሻማል። ሁለት የካውበርድ ጫጩቶች ባሉበት ጎጆ የዋርብለሯ ልጆች በአብዛኛው አንድም አይተርፉም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተመረመሩት ጎጆዎች 70 በመቶ ያህሉ በካውበርድ እንቁላል የተያዙ ነበሩ፤ ከአንድ ጎጆ በአማካይ የሚወጣው ጫጩት አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። በዚህ ፍጥነት የቀራት ዕድሜ በጣት የሚቆጠር ነበር።

በ1972 ወጥመድ መዘርጋት ተጀመረ። ወጥመዱ በሽቦ መረብ የተሠራ፣ ሰው ገብቶ የሚቆምበት ያህል ሰፊ ጎጆ መሰል ነገር ነው። ውስጡ እህልና ውኃ ይቀመጥበታል፣ ጥቂት ሕያው ካውበርዶችም እንዲጣሩ ይለቀቁበታል። የወገኖቹን ድምፅ ሰምቶ የመጣው ወፍ ክንፉን አጥፎ በጣሪያው ቀዳዳ ይገባል፤ ለመውጣት ግን ክንፉን ዘርግቶ መብረር ስላለበት ቀዳዳው አያሳልፈውም። ሠራተኞች እየተመላለሱ ሌሎቹን ወፎች ይለቃሉ፣ ካውበርዶቹን ያስወግዳሉ። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ካውበርዶች በዚህ መንገድ ተወግደዋል። አንዱን ፍጥረት ለማዳን ሌላውን መግደል ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ይህን ሥራ ለዓመታት የሠሩ ሰዎችም እንደ ቀላል ነገር ያዩት አይመስለኝም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነበር። በካውበርድ የሚያዘው ጎጆ ከ70 በመቶ ወደ ጥቂት በመቶ ወረደ፣ ከአንድ ጎጆ የሚወጡት ጫጩቶችም ወደ ሦስት ተጠጉ።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ጫጩቶቹ በሦስት እጥፍ ከጨመሩ የወፎቹ ብዛትም መጨመር ነበረበት። አልጨመረም። በ1974 167 የነበሩት ወንዶች ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1987፣ እንደገና 167 ሆነው ተቆጠሩ። ወጥመዱ ውድቀቱን አቆመ እንጂ ወፏን አላበዛትም፤ የሚወለዱት ወጣቶች አድገው ሲመጡ ጎጆ የሚሠሩበት ዕድሜው የደረሰ ደን አልነበረም። ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መሄድ የሚፈልግ ሰው ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ፤ አንዱን መሰናክል ማንሣት ብቻውን ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል ምንም ለውጥ ሳያሳይ ሊያቆይ ይችላል፣ ያ ማለት ግን መሰናክሉን ማንሣቱ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ወጥመዱ በዚያ ጊዜ ባይዘረጋ ኖሮ ቀጥሎ የመጣውን ዕድል የምትጠቀም ወፍ ባልተገኘች ነበር።

ከእጅ ያመለጠው እሳት

ዕድሉ የመጣው በአሳዛኝ መንገድ ነው። ግንቦት 5 ቀን 1980 የደን አገልግሎቱ ሠራተኞች በማክ ሌክ አካባቢ፣ ማዮ ከምትባለው ከተማ ብዙም ሳይርቁ፣ 80 ሄክታር ገደማ የሚሆን የተመነጠረ መሬት በዕቅድ ለማቃጠል እሳት ለኮሱ። ዓላማው መሬቱን ለጃክ ፓይን ማዘጋጀት፣ በዚያም ለዋርብለሯ አዲስ መኖሪያ ማስገኘት ነበር። ቀኑ ደረቅ ነበር፣ ነፋሱም በረታ። እሳቱ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ወደ ቆመው ደን ገባ፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። በሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ጥፋት አድርሶ በጠቅላላው ወደ 9,700 ሄክታር አቃጠለ። 44 ቤቶችና ሕንፃዎች ወደሙ። እሳቱን ለመግታት ከተሰማሩት የደን አገልግሎቱ ሠራተኞች አንዱ ሕይወቱን አጣ።

ስለ ወፏ ማገገም የሚጽፉ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ይህን እሳት እንደ በረከት ብቻ ሲያነሡት አያለሁ። እንዲያ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም። የሞተው ሰው ለዚያች ወፍ ሲሠራ የሞተ ሰው ነው፤ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ቤተሰቦችም ለሙከራው ፈቃዳቸውን አልሰጡም። ቃጠሎ ጥሩ መሣሪያ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰዎች ቤት ሠርተው በሚኖሩበት ደን ውስጥ ግን ዋጋው እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ያ ቀን አሳይቷል። የደን አገልግሎቱም ከዚያ በኋላ ሰፊ ቃጠሎን ትቶ መመንጠርና መትከል ላይ አተኮረ።

እሳቱ ባለፈበት ምድር ግን ጃክ ፓይን እንደ ልማዱ ተነሣ። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ዋርብለሮች ገቡበት። በ1990 በአጠቃላይ 265 ወንዶች ተቆጠሩ፣ በ1995 ደግሞ 765፤ በእነዚያ ዓመታት ከጠቅላላው ቁጥር ትልቁን ድርሻ የያዘው የማክ ሌክ ቃጠሎ ነበር። ሃያ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ቁጥር ዛፎቹ ዕድሜያቸው በደረሰ ማግሥት ሽቅብ ወጣ።

ደኑን የመሥራት ስሌት

እሳት ከቀረ በኋላ የእሳትን ሥራ በሰው እጅ መተካት ግድ ሆነ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ዕድሜው 50 ዓመት ገደማ የደረሰ ደን ሙሉ በሙሉ ይመነጠራል፣ እንጨቱ ይሸጣል፣ መሬቱ በማሽን ቦይ ቦይ ይደረግና ጃክ ፓይን ይተከላል። የሚተከለው ለእንጨት ምርት ከሚተከለው እጅግ ጠቅጠቅ ብሎ፣ በሄክታር ከ2,500 በላይ ችግኝ ሆኖ ነው። ያም ሆኖ እንደ ማሳ ወጥ አይደረግም፤ ረድፎቹ እንደ ማዕበል እየተጠማዘዙ ሲሄዱ በመካከላቸው ምንም ያልተተከለባቸው ትናንሽ ገላጣዎች ይተዋሉ። ወፏ ጥቅጥቁን ለጎጆ፣ ገላጣውን ነፍሳት ለመልቀምና ጫጩቶቿን ለመመገብ ትፈልገዋለች። ቁራሹ መሬትም ትንሽ ከሆነ አትገባበትም፤ ከ32 ሄክታር በላይ ሲሆን ትመርጠዋለች።

ስሌቱ ላይ ሲደረስ ግን የጉዳዩ ክብደት ይታያል። ደኑ የሚመነጠረው በ50 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከእነዚያ 50 ዓመታት ውስጥ መሬቱ ለወፏ በሚገባ የሚያገለግለው ለአሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በማናቸውም ጊዜ 15,400 ሄክታር ያህል ዕድሜው የተስማማ ደን እንዲኖር ከተፈለገ፣ አምስት እጥፉ፣ 77,000 ሄክታር ገደማ፣ ለዚሁ ተግባር መመደብ አለበት፤ በየዓመቱም 1,500 ሄክታር የሚያልፍ መሬት ተመንጥሮ መተከል ይኖርበታል። አንድ ዓመት ቢዘለል ክፍተቱ ወዲያው አይታይም። የሚታየው ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ፣ መድረስ የነበረበት ደን ሳይገኝ ሲቀር ነው። የሚቺጋን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራሉ የደን አገልግሎትና የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ይህን ሸክም ተካፍለው ለአሥርት ዓመታት መሸከማቸው በእኔ ግምት ከራሷ ከወፏ ማገገም ያላነሰ የሚደነቅ ነው፤ በዚህ መካከል አስተዳደሮች ተቀያይረዋል፣ በጀቶች ወጥተዋል ወርደዋል፣ ሥራውን የጀመሩት ሰዎችም ጡረታ ወጥተዋል።

በ2001 የሚዘምሩት ወንዶች ቁጥር 1,085 ደረሰ (አንድ የሚዘምር ወንድ እንደ አንድ ጥንድ ይታሰባል)፤ ለማገገሟ የተቀመጠው ግብ 1,000 ጥንድ ነበር። በ2007 ከሚቺጋን ውጭ በዊስኮንሲንና በካናዳዋ ኦንታሪዮ ጎጆዎች ተገኙ። በ2012 ቁጥሩ ከ2,000 አለፈ። በመጨረሻም በጥቅምት 2019 የአሜሪካ መንግሥት የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ዝርዝር አወጣት። የካውበርድ ወጥመዱም ቀስ በቀስ ተቀንሶ በ2018 ቆመ፤ በካውበርድ የሚያዘው ጎጆ ከዚያ በኋላም እጅግ ጥቂት ሆኖ ቀጠለ። ይህ ያልተጠበቀ መልካም ዜና ነበር።

ወፏ ሚቺጋን የሚቀዘቅዝበትን ወራት የምታሳልፈው በባሃማስ ደሴቶች ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ፍሬ እየለቀመች ነው። በዚያም የምትመርጠው ቁጥቋጦ አንዳች ነገር ነክቶት እንደገና ያቆጠቆጠ፣ ገና ወደ ደን ያልተለወጠውን ነው። በእነዚህ ወራት መጨረሻ ዝናብ ሲያጥር ፍሬው ይቀንሳል፣ ወፏም ከስታ ጉዞ ትጀምራለች፤ ይህም በሚቺጋን በሚቆጠረው ቁጥር ላይ ይንጸባረቃል። ሚቺጋን ያለ ደን ጠባቂ ይህን ሊለውጥ አይችልም፣ ሲቆጥር ግን ማስታወስ አለበት።

ያልተዘጋው ሒሳብ

የተተከለ ደን የተቃጠለን ደን ሙሉ በሙሉ አይተካም። እሳት ሲያልፍ የደረቁ ግንዶች ቆመው ይቀራሉ፤ በእነሱ ላይ የሚኖሩ ነፍሳት፣ ነፍሳቱን የሚበሉ ግንደ ቆርቁር ወፎችም አብረው ይኖራሉ። ምንጠራና ተከላ ይህን አያስገኝም፣ ዛፎቹም ከመጠን በላይ ተመሳሳይ ይሆናሉ። አንድን ዝርያ ለማዳን የተሠራ መሬት ሌሎችን ሊያስቀር እንደሚችል የደን ተመራማሪዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ትችቱ ትክክል ነው። በዚህ ምክንያት ቆመው የሚቀሩ ደረቅ ዛፎችን መተው፣ የተከላውን ንድፍ መለዋወጥ፣ የሚመነጠረውንም ቦታ ማሰባጠር ወደ ሥራው እየገቡ ነው። ደግሞም ለወፏ የተሠራው ገላጣና ወጣት ደን ለሌሎችም ጠቅሟል፤ በሣር ሜዳ የሚኖሩ ወፎች፣ ጥንቸሎችና በሌላ ቦታ እየጠፉ ያሉ የአሸዋ መሬት ዕፅዋት ተጠግተውበታል።

ሌላው ጥያቄ ገንዘብ ነው። ጃክ ፓይን ርካሽ እንጨት ነው፤ ከምንጠራው የሚገኘው ገቢ የተከላውን ወጪ አይሸፍንም፣ ገዢ ሲጠፋ ደግሞ ምንጠራው ራሱ ይዘገያል። ወፏ ከዝርዝሩ መውጣቷ ይህን ሥራ አላስቀረውም። ሥራው ከቆመ የ1971ዱ ታሪክ እንደሚደገም ሁሉም ወገኖች ስለሚያውቁ ከመውጣቷ በፊት ሥራውን ለመቀጠል የጽሑፍ ስምምነት አድርገዋል።

በ2021 የተቆጠሩት 2,245 ጥንዶች ነበሩ። በ2025 ቆጣሪዎች ወደ ደኑ ሲመለሱ ያገኙት 1,489 ጥንዶችን ነው። ቁጥሩ አሁንም ከግቡ በላይ ቢሆንም በአራት ዓመት ውስጥ ሲሶው ጎድሏል። ጉድለቱን ለመሙላት በ2025 መሬት የገባ ችግኝ የታችኛው ቅርንጫፉ ለጎጆ የሚበቃው ከ2030 በኋላ ነው፤ እስከዚያ ወፏ የምትኖረው ቀደም ሲል በተተከለላት ላይ ነው።